ወደ ጃፓን ለሚሄድ ሰው ስንቅ፦ አረብ ሰፈር ካሉት እትዬ ምን ይገዛ፣ ምን ይቅር?

ሐዋሳ ውስጥ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ካለ “እትዬ ጋ ሂድ” መባሉ አይቀርም። አረብ ሰፈር ነው፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። ታፔላ የለውም። ሁሉም እትዬ ስለሚላቸው እኔም ስማቸውን አላወጣም። ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፤ አዘጋጅተው፣ መዝነው፣ አሽገው ይሰጣሉ። ለማስተርስ ጃፓን፣ ኮቤ ከተማ ስሄድ ስንቄ የተዘጋጀው እዚህ ቤት ነው። ሰሞኑን ደግሞ ለእህቴ ልጅ ላዝዝ ሄጄ ነበር፤ ኦሳካ ሊማር ነው። ስለዚህ የምጽፈው እዚያው አብስዬ ካየሁት ነው።

ከሽሮው ልጀምር፤ ምንም አይወጣለትም። ምጥን ስለሆነ ዘይትና ውኃ ይበቃዋል። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። የእኔ ክፍል ስቶቭ ባለ አንድ ነበር፣ አልጋዬም ከስቶቩ ሁለት እርምጃ ነው። እንደዚያ ዓይነት ክፍል ውስጥ ሽንኩርት ማቁላላት ማለት አንሶላ ማቁላላት ነው።

ለጿሚ ደግሞ ሽሮው የግድ ነው። ጃፓን ውስጥ አትክልት ብቻ የሚመስል ምግብ ብዙ ጊዜ ዓሣ አለበት። ካትሱኦ የሚባል ዓሣ ያደርቁና እንደ ወረቀት አሳስተው ይልጡታል። መረቁ የማይገባበት የለም፤ ሚሶ የሚሉት የአኩሪ አተር ሾርባ፣ የኑድሉ መረቅ፣ የተቀቀለው አትክልት ሁሉ። ዓሣ የጾም ነው፣ አይደለም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ልተወው። ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ በየሱቁ ይገኛል፣ ርካሽም ነው፣ ግን ሁዳዴን በቶፉ ብቻ የዘለቀ ሐበሻ አላጋጠመኝም።

በርበሬው ጥሩ ነው፣ እትዬ ከሚመክሩት መጠን ግን ጨምሩበት። የጃፓን ሽንኩርት ጣፋጭ ነው። በተለይ ኮቤ አጠገብ ካለችው ከአዋጂ ደሴት የሚመጣው በጣፋጭነቱ የታወቀ ነው፤ እነሱ ይኮሩበታል፣ እኔ ግን በወጥ ተቸገርኩበት። ቁሌቱ ስኳር የወደቀበት ይመስላል። ያንን የሚመልሰው በርበሬ ብቻ ነው።

ድርቆሹ ላይ ከእትዬ ጋር አንስማማም። ጥራቱ አይታማም፤ ነጭ ነው፣ ሻጋታ የሚባል የለውም። ግን እሳቸው በጆንያ ነው የሚያስቡት። ድርቆሽ ባይከብድም ሻንጣ ይጨርሳል፣ አየር መንገዳችን ደግሞ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ የሚፈቅደው ባለ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚበቃ ያዙ። ከዚያ በኋላ የሩዝ ዱቄትና የስንዴ ዱቄት ቀላቅሎ አቡክቶ መጋገር ይለመዳል። ጤፍ አይሆንም፣ ግን ወጥ ያነሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ልያዝ የምትሉ ግን ተዉት። የጃፓን መብራት 100 ቮልት ነው፣ የኛ ምጣድ የተሠራው ለ220። ከኃይሉ አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ ነው የሚሰጣችሁ፤ ሊጡ እዚያው ላይ ሲኮመጥጥ ታዩታላችሁ።

ቋንጣ ላይ ግን ኮስተር እላለሁ። ጃፓን የላኪው አገር መንግሥት የምርመራ ሰርተፊኬት የሌለው ሥጋ አታስገባም። ደረቀ፣ ተጠበሰ፣ ተቀቀለ፣ ልዩነት የለውም። ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስር ወይም እስከ 3 ሚሊዮን የን ይደርሳል። አየር ማረፊያ ሻንጣ የሚያሸቱ ውሾች አሉ። አብሮኝ የወረደ ልጅ ራሱ አስመዝግቦ እናቱ ያዘጋጁለትን ቋንጣ እዚያው አስረክቦ ወጣ፤ ቢደብቅ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። እትዬ ግን አሁንም ያቀርባሉ።

“ከሽሮው ሥር አድርጊው ልጄ፣ ማን ያየዋል?” አሉኝ ሰሞኑን።

“ውሻው ያየዋል እትዬ።”

ሳቁ፣ ቋንጣውን ግን ከጠረጴዛው አላነሱትም።

ምስርም አትሸከሙ። ኮቤ ውስጥ በ1935 የተሠራ የጃፓን የመጀመሪያው መስጊድ አለ። እዚያ አካባቢ ያሉት የሐላል ሱቆች ቀይ ምስር፣ ሽምብራ፣ እርድ፣ ሄል ሁሉ አላቸው፤ ለሙስሊም ወንድምና እህቶቻችን የሐላል ሥጋም እዚያው ነው። ያጣሁት ኮረሪማና ኮሰረት ነው፤ እነሱን ከእትዬ ውሰዱ። ቡናም አያሳስባችሁ። ኮቤ የትልቁ ቡና ቆይ የዩሲሲ ከተማ ነው፤ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ “ሞካ ሲዳሞ” የሚል ከረጢት ታገኛላችሁ። የሲዳማ ልጅ ሆኜ የሲዳማን ቡና በየን መግዛቴ ትንሽ ቢያበሽቀኝም ጠጥቼዋለሁ። ጀበና ግን ያዙ።

ከሁሉም ያልጠበቅኩት ሚጥሚጣው ነው። አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በዳጣ የበላ የሐዋሳ ሰው ሳሺሚ የሚሉት የጃፓኖቹ ጥሬ ዓሣ አያስደነግጠውም፤ የአዲስ አበባ ልጆች ሲያመነቱ እኔ ሁለተኛ ሳህን ላይ ነበርኩ። ሱፐርማርኬት ሊዘጋ ሲቃረብ ሳሺሚው ላይ የግማሽ ዋጋ ተለጣፊ ይለጥፉበታል፤ የተማሪ እራት የሚገዛው ያኔ ነው። ከሳሺሚ ጋር የሚበላው የሚያቃጥለው ዋሳቢ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፣ የእትዬ ሚጥሚጣ ግን ምላስ ላይ ይቆያል። የላብራቶሪ ጓደኞቼ ቀምሰው ካለቀሱ በኋላ ደግመው ጠይቀውኛል።

እሽጋቸው ግን መስተካከል አለበት። ፌስታል በፌስታል ላይ፣ ከዚያ ፕላስተር፣ ከዚያ ጋዜጣ። ኮቤ ቆሻሻ በየዓይነቱ ተለይቶ፣ በተወሰነለት ከረጢት፣ በቀኑ ነው የሚወጣው። ፕላስቲኩን ከወረቀቱ ስላቅቅ አመሸሁ። ሌላው፣ ምንም ጽሑፍ የለበትም። ቡናማ ዱቄት በኪሎ ይዞ የገባን ሰው ጉምሩክ ምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። በእንግሊዝኛ “የሽምብራ ዱቄት”፣ “የተፈጨ ቃሪያ” ብላችሁ ራሳችሁ ጻፉበት፤ እሳቸው አይጽፉም።

ዋጋቸው ከገበያው ወደድ ይላል። ለቀማውን፣ ማድረቁንና ማስፈጨቱን ስታስቡት ግን አይበዛም። ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ እዘዙ፤ በክረምት ድርቆሽ ቶሎ አይደርቅላቸውም። ዋጋ መከራከር አይወዱም። እኔ ሞክሬ ያገኘሁት ምርቃት አንድ ጥቅል ዳቦ ቆሎ ነው፤ እሱንም የእህቴ ልጅ ቤት ሳይደርስ ጨረሰው።