ያገለገለ ሰርቨር ስትገዙ፦ በጽሑፍ የሚነሳ ይሻላል ወይስ በዴስክቶፕ?

ጅማ ውስጥ ለቡና መጋዘን፣ ለክሊኒክ ወይም ለትምህርት ቤት ያገለገለ ሰርቨር ልትገዙ ከሆነ ሻጩ ስለ ራሙና ስለ ሃርድ ዲስኩ በደንብ ይነግራችኋል። ሲበራ በምን እንደሚነሳ፣ ማለትም ኮማንድ ብቻ በሚጻፍበት የጽሑፍ ስክሪን ወይስ በማውስ በሚሠራ ዴስክቶፕ፣ ያንንም መቀየር ይቻል እንደሆነ ግን ራሳችሁ ጠይቁ።

እኔ በጽሑፍ የሚነሳውን እመርጣለሁ። ማንም የማያየው ዴስክቶፕ ራም ይበላል። አሮጌ ማሽን ላይ ደግሞ የግራፊክስ ድራይቨር ሲያስቸግር ስክሪኑ ይጨልማል፣ ችግሩ የቱ ጋ እንዳለም አይታወቅም። በጽሑፍ የሚነሳው ስህተቱን እዚያው ይጽፈዋል። ባለሙያው 350 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ቢሆንም በትንሽ የስልክ ዳታ ገብቶ ማስተካከል ይችላል።

አሁን ወደ ሲስተሞቹ።

ሴንትኦኤስ 6 የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ላይ ነገሩ በቁጥር ነው። 3 ጽሑፍ፣ 5 ዴስክቶፕ። ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ኢኒትታብ የሚባል ፋይል አለ። ኢኒትዲፎልት የሚለው መስመር ላይ ያለውን 5 ወደ 3 ቀይሮ ሪስታርት ማድረግ ብቻ ነው። አደራ፣ 0 ወይም 6 እንዳትጽፉ። 0 ማሽኑን በተነሳ ቁጥር ያጠፋዋል፣ 6 ደግሞ ሪስታርት ሲያደርግ ያውለዋል። ይህ ከደረሰ ግሩብ (ሲስተሙን የሚያስነሳው የመጀመሪያ ስክሪን) ሲመጣ "ኤ"ን ተጭኖ መጨረሻው ላይ 3 መጨመር ያስነሳዋል፤ ከዚያ ፋይሉን ማረም ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ግን ድጋፉ ኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። የጸጥታ ማሻሻያ የለውም። ዴስክቶፕ ልጫንበት ብትሉ እንኳ ፓኬጁን ከአሮጌው ማከማቻ መፈለግ አለባችሁ። በዚህ ሲስተም ምክንያት ዋጋ የሚጨምር ሻጭ ካለ እሺ አትበሉ።

ሴንትኦኤስ 7 በቁጥር ፋንታ ስም ይጠቀማል። ሲስተምሲቲኤል ሴት-ዲፎልት ብሎ መልቲ-ዩዘር ወይም ግራፊካል ታርጌት መጻፍ ይበቃል። ስሙን ብትስቱ አይቀበላችሁም፤ ከ6 የተሻለበት አንዱ ይህ ነው። እሱም ቢሆን ሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ድጋፉ ቆሟል። ሊኑክስ ከፈለጋችሁ አልማሊኑክስ 8 ወይም ሮኪ 8 ይጫንልን በሉ። ኮማንዱ ያው ነው፣ ድጋፉ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል። አንዳንድ አሮጌ የሬድ ካርዶችን (ሃርድ ዲስኮቹ የሚገናኙባቸውን ካርዶች) ግን ስለማያውቅ ሃርድ ዲስኩን ማየቱን ሳታረጋግጡ አትውሰዱ።

ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 ዴስክቶፑን ነቅሎ መልሶ መጫን ይፈቅዳል። ከሰርቨር ማኔጀር ግራፊካል ሼል የሚባለውን ዴስክቶፕ ነቅሎ ሪስታርት ማድረግ ነው። ድጋፉ ጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. አልቋል። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ጀምሮ ግን ይህ በር ተዘግቷል፤ ኮር (ዴስክቶፕ የሌለው) ይሁን ባለ ዴስክቶፕ የሚወሰነው ሲጫን ነው፣ ለመቀየር እንደ አዲስ መጫን ያስፈልጋል። ሒሳባችሁ በፒችትሪ ከሆነና የሚሠራውም በዚያው ማሽን ላይ ከሆነ ባለ ዴስክቶፑን ውሰዱ፤ ጽሑፍ ይሻላል ያልኩት እናንተን አይመለከትም።

ሱቁ ውስጥ ሲስተሙ መቀየር የሚፈቅድ ከሆነ ሻጩ ዓይናችሁ እያየ የሚነሳበትን ይቀይር፤ ከዚያ ሪስታርት ያድርገው። ከዚያ የሩት (የሊኑክስ ዋና አስተዳዳሪ) ወይም የአድሚን ፓስወርዱን ተቀብላችሁ ራሳችሁ ግቡበት። ካልገባ ብር አትክፈሉ።