ለጌሞቼ ስዊቸር ለመረጠልኝ ጠጋኝ ምስጋና

ይህ ምስጋና ለአንድ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነው። ስሜን እንዳትጽፍ ስላለኝ ትቼዋለሁ። ወሬ አያበዛም፤ ሥራው ላይ ግን ቀልድ የለም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሜጋ ድራይቭ፣ ሱፐር ኒንቴንዶ፣ ኒንቴንዶ 64 እና ፕሌይስቴሽን 2 የሚባሉ የጌም ማሽኖች (ኮንሶሎች) አሉኝ። የድሮው ሲአርቲ ቲቪዬ ያለው ግን አንድ የስካርት ሶኬት (ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚገባበት) ብቻ ነው። ጌም በቀየርኩ ቁጥር ከቲቪው ጀርባ ገብቶ ገመድ መንቀል ሰለቸኝ። ከጓደኛዬ አንድ ስዊቸር (ብዙ ኮንሶሎችን በአንድ ሶኬት እያቀያየረ የሚያገናኝ ሳጥን) ተዋስኩና «እንዲህ ዓይነቱን ልግዛ?» ብዬ ወሰድኩለት።

ሌላው ቢሆን «አሪፍ ነው፣ ግዛ» ብሎ ይሸኘኝ ነበር። እሱ ግን «መጀመሪያ ኮንሶሎችህ በምን በምን ገመድ እንደሚወጡ ንገረኝ» አለ። ከዚያ ቴስተሩን አነሳ። የስዊቸሩን ቁልፍ ተጫነና አንዱን ጫፍ መግቢያው ላይ፣ ሌላውን መውጫው ላይ ባለው ተመሳሳይ ፒን ላይ አሳረፈ። ፒን 20 ላይ ጢጥ አለ፤ ሽቦው ተያይዟል ማለት ነው። 15፣ 11 እና 7 ላይ ዝም። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያልፉት በእነዚያ በሦስቱ ነው። ሲከፍተው ለአርጂቢ (ሦስቱ ቀለሞች በየራሳቸው ሽቦ ለሚመጡበት ጥርት ያለ ምስል) የተዘረጋ ሽቦ ጭራሽ የለም። ከውጭ ግን ሙሉ የስካርት ሶኬት ነው የሚመስለው! በ20 በኩል የሚያሳልፈው ኮምፖዚት ብቻ ነው፤ ብርሃንና ቀለም በአንድ ሽቦ ተጨናንቀው የሚመጡበትን ደብዛዛ ምስል።

ኒንቴንዶ 64 ውስጡ ተከፍቶ ካልተሠራለት አርጂቢ እንደማይሰጥም የነገረኝ እሱ ነው። «ለዚህኛው ውድ ገመድ አትግዛ፣ ገንዘብህን ለሦስቱ አውለው» አለኝ። እንዲህ ለሰው ኪስ የሚያስብ ባለሙያ ብርቅ ነው።

እኔ የጓጓሁት ለአውቶማቲኩ ነበር። እሱ ባለ ቁልፉን መከረኝ። አውቶማቲኩ የበራውን ኮንሶል እያየ ነው የሚቀያይረው። ሁለቱን አንድ ላይ ካበራችሁ መራጩ ስዊቸሩ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

ስክሪኑ ነጭ ሲሆን ስፒከሩ ዝዝ የሚለውስ? ጥፋቱ የስዊቸር ሳይሆን የገመድ ነው አለ። ርካሽ የስካርት ገመድ ውስጥ የምስሉና የድምፁ ሽቦዎች ለየብቻ ስላልተሸፈኑ ምስሉ ድምፁ ውስጥ ይገባል። ገመዱን ቀየርን፤ ዝዝታው ጠፋ። ደግሞ የጃፓን አርጂቢ ገመድ ያላችሁ ተጠንቀቁ። መሰኪያው ከስካርት አይለይም፤ የፒኖቹ አደራደር ግን ሌላ ስለሆነ ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል።

አሁን አራቱም እንደተሰኩ ናቸው፤ የምነካው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። እጁ ይባረክ።

እውነቱን ለመናገር ቀጠሮ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። ነገ ካለ ከነገ ወዲያ ብላችሁ ያዙት። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ገመዶቻችሁን በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ባዶ እጁን ለመጣ ሰው ምክር አይሰጥም።