ከ14 ወራት በኋላ፦ በደብረ ብርሃን የካዲስ ዝንብ የማስርባት ትንሿ ሞርሳ

ይህችን ሞርሳ የገዛኋት ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞልኝ ገብቶ፣ አብረዋት ካሉት ትንንሽ መሣሪያዎች ጋር 7,200 ብር አወጣሁባት። ከዚያ ወዲህ ደብረ ብርሃን በሚገኘው ቤቴ መንጠቆ ላይ ላባና ጸጉር በክር እያሰርሁ ከ400 በላይ ሰው ሠራሽ ዝንቦች ሠርቼባታለሁ፤ አብዛኞቹ ትራውት ለተባለው ዓሣ ማጥመጃ የሚሆኑ የካዲስ ዝንቦች ናቸው። ባሌ ዲንሾ ድረስም ሦስት ጊዜ ወስጄ ሥራዬን በወንዝ ላይ ፈትኜዋለሁ። መሣሪያዋን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ይልቅ የወራት አገልግሎት የሚያሳየውን ቢያውቅ ይጠቅመዋል ብዬ ይህን እጽፋለሁ።

ካዲስ የዕድሜዋን አብዛኛውን ክፍል በትልነት ውሃ ውስጥ የምታሳልፍ ነፍሳት ናት። ብዙዎቹ ዝርያዎች ከአፋቸው በሚያወጡት ሐር አሸዋና ስንጥር አጣብቀው ቱቦ መሰል ቤት ይሠራሉ፤ ቀጥሎም ፑፓ (ከትልነት ወደ ክንፋምነት የሚለወጡበት ደረጃ) ሆነው ወደ ውሃው ገጽ ይወጣሉ። ክንፍ ያወጣችው ካዲስ ስታርፍ ክንፎቿን በጀርባዋ ላይ እንደ ድንኳን ትከድናለች። ስለዚህ አሳሪው ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ አንደኛው ገጹ ላይ የሚንሳፈፍ ባለ ክንፍ ዝንብ፣ ሁለተኛው የሚሰምጥ ፑፓ ነው። ለተንሳፋፊው የምከተለው አሜሪካዊው አል ትሮት በ1957 እ.ኤ.አ. ያወጣውን፣ ክንፉ ኤልክ ከተባለው ትልቅ አጋዘን ጸጉር የሚሠራውን አሠራር ነው። የኤልክ ጸጉር ውስጡ አየር ያዘለ በመሆኑ ይንሳፈፋል። የፍየል ጸጉር ሞክሬ ነበር፤ መልኩ ያምራል፣ ነገር ግን ሦስት አራት ጊዜ ከተወረወረ በኋላ ይሰምጣል።

ሞርሳዋ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በብሎን ትታሰራለች፤ መንጠቆውን በሁለት የብረት ጥርሶች ነክሳ ትይዛለች፤ ዘንጓም በእጅ ሲዞር መንጠቆው ባለበት ይሽከረከራል። የዚህ መሽከርከር ጥቅም የገባኝ ላባ መጠምጠም ስጀምር ነው። ላባው ከመንጠቆው ቀለበት ተነሥቶ በአካሉ ላይ እኩል ርቀት እየጠበቀ ወደ ኋላ መውረድ አለበት፤ ከዚያ ቀጭን ሽቦ በተቃራኒው አቅጣጫ እየተጠመጠመ ወደ ፊት ሲመጣ ላባውን ቆልፎ ይይዘዋል። በእጅ ብቻ ሲጠመጠም አንዱ ዙር ከሌላው ላይ ይደረባል፤ በሚዞረው ዘንግ ግን ከአሥሩ ዘጠኙ እኩል ይወጣሉ። ሽቦውን የማገኘው የተቃጠለ ሞተር ከሚጠቀልል ባለሙያ ነው፤ ከውጭ ከሚመጣው በምንም አያንስም።

ላባውን በሚመለከት ሰፈሬን አመሰግናለሁ። ለበዓል ዶሮ ሲታረድ ላባው የሚነቀለው በፈላ ውሃ ተነክሮ ነው፤ ለዝንብ ግን በፈላ ውሃ የተነከረ ላባ ተጣብቆ ይበላሻል። ባለፈው ፋሲካ ጎረቤቴን «እትዬ፣ የአንገቱን ላባ ውሃ ሳይነካው ልንቀለው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ንቀል ልጄ፣ ቆዳውን ብቻ እንዳትቀድብኝ» አሉኝ። ዶሮው ገብስማ ስለነበር ላባው የካዲስን ዥጉርጉርነት አሳምሮ ያሳያል። የሀገራችን አውራ ዶሮ ላባ አጭር ነው፤ ከአንዱ ላባ አንድ ዝንብ ብቻ ይወጣል። ሆኖም ከላባው ግንድ የሚወጣው ጭራሮ ርዝመት የመንጠቆውን አፍ ስፋት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል እስከሆነ ድረስ ለ14 እና ለ16 ቁጥር መንጠቆ ይበቃል (ቁጥሩ ሲበዛ መንጠቆው ያንሳል)። ለአካሉ የመንዝ በግ ሱፍ እጠቀማለሁ። ያልታጠበው ሱፍ የራሱ ቅባት ስላለው ውሃ ይገፋል፣ ለተንሳፋፊው ይሆናል፤ በሳሙና የታጠበው ግን ውሃ ስለሚጠጣ ለፑፓ ይመረጣል። ይህን ልዩነት የተረዳሁት በስህተት የታጠበውን ለተንሳፋፊው ተጠቅሜ፣ ዝንቦቼ እንደ ጠጠር ሲሰምጡ አይቼ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቶቿ ልግባ። ከሁሉ የከፋው ሞርሳዋ ራሷ ላይ ሳይሆን አብሯት በመጣው፣ ክሩ በትንሽ ቱቦ አልፎ በሚወጣበት የክር መያዣ ላይ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ዲንሾ አጠገብ ባለው የዳንካ ወንዝ አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ቡናማ ትራውት አከታትለው ነከሱ፤ ሁለቱም ጊዜ ዝንቡ ክሩ የሚቋጠርበት አፍንጫው ላይ ተፈትቶ ላባው በክሩ ተንጠልጥሎ ተመለሰልኝ። ቋጠሮዬን ተጠራጠርሁ። ቤት ገብቼ በእንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልዬ የክር መያዣውን ቱቦ ከንፈር ባሽከረክርበት፣ ለዓይን የማይታይ ሹል ነገር ጥጡን ያዝ አደረገው። ለካስ ክሩ በወጣ ቁጥር እየተላጨ፣ ሳይበጠስ ግማሽ ጉልበቱን አጥቶ ኖሯል። በጣም ልሙጥ የሆነ የብርጭቆ ወረቀት ጠቅልዬ ቱቦው ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አሽከረከርሁበት፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ዝንብ አልተፈታም። ገዢዎች መያዣውን በመጀመሪያው ቀን በጥጥ እንዲፈትሹት አጥብቄ እመክራለሁ።

ሁለተኛው ጉድለት የጥርሶቹ ነው። ሻጩ እስከ 22 ቁጥር የደረሰ መንጠቆ ትይዛለች ብሎ ጽፎ ነበር። በእኔ እጅ ግን 16 ቁጥርን አጥብቃ ስትይዝ፣ 18 ላይ ክሩን ጠበቅ ሳደርገው መንጠቆው ወደ ታች ይንሸራተታል። በዘጠነኛው ወር ገደማ የጥርሶቹ ጫፍ መላጨቱን በአጉሊ መነጽር አየሁ። ምትክ ጥርስ እንዲልክልኝ ለሻጩ ሁለት ጊዜ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። ይህ በእውነት አሳዝኖኛል፤ ሊለወጡ የሚችሉ ጥርሶች ብቻቸውን ቢሸጡ መሣሪያዋ ለዓመታት ታገለግል ነበር።

ሌላው የእኛ አየር ጠባይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት የዘንጉ ግራሶ ይደርቃል፣ መዞሩም ይከብዳል፤ ግራሶውን ጠርጌ በጥቂት የስፌት መኪና ዘይት ተክቼዋለሁ። አፍንጫውን የማትምበት ቀለም አልባ የጥፍር ቀለምም እንደ ማር ስለሚወፍር፣ ብልቃጡን ለብ ባለ ውሃ ስኒ ውስጥ አስቀምጬ እሠራለሁ። የጠረጴዛ ማሰሪያዋ የሚከፈተው 4 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ወፍራም የጽድ ጠረጴዛ ያለው ሰው ቀጭን ጣውላ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

አብረው ከመጡት ውስጥ መቀሱ ከሁለት ወር በኋላ ደነዘ፣ የላባ መቆንጠጫው ግን እስከ ዛሬ ጥሩ ነው። የጸጉሩን ጫፍ ማስተካከያ ስላልነበራት ታችዋ ጠፍጣፋ የሆነች የእንክብል ብልቃጥ እጠቀማለሁ፤ ጸጉሩን ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ጨምሮ ጠረጴዛው ላይ ደጋግሞ መታ መታ ማድረግ ይበቃል።

ሞርሳዋን ብቻዋን የሚሸጥ ካገኛችሁ እሷን ግዙ፤ የክር መያዣና መቀስ ለየብቻ የተሻለ ምረጡ። ከ16 ቁጥር ባነሰ (እንደ 18 ባለ) መንጠቆ ላይ ለማሰር ለሚያስብ ግን አልመክራትም። እኔ በ14 እና በ16 ቁጥር ለሚቀጥለው የዲንሾ ጉዞዬ 60 ዝንቦች እያሰርሁባት ነው፤ እስካሁን 43 ደርሰዋል።