የክሩዝ ክፍል ሲገዛ፦ ቀድሞ መርጦ መያዝ፣ «ጋራንቲ» ወይስ የአፕግሬድ ጨረታ?

ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ከያዛችሁ በኋላ ብዙ ጊዜ አንድ ኢሜይል ይመጣል። መስኮት የሌለውን ክፍላችሁን በረንዳ ባለው ለመቀየር ዋጋ አቅርቡ ይላል። ከሥሩ አንዲት ትንሽ ቁጥር አለች። ርካሽ ትመስላለች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሳያሰላ ይጫናል።

አፕግሬድ፣ ማለትም ጨምሮ ከፍሎ ወደተሻለ ክፍል መዛወር፣ መጥፎ ነው አልልም። በልኩ ከተገዛ ደስ የሚል ነገር ነው። ግን መታየት ያለበት የኢሜይሉ ቁጥር ሳይሆን ድምሩ ነው። ለመጀመሪያው ክፍል የከፈላችሁት፣ በጨረታ የምትጨምሩት፣ በየቀኑ የሚታሰበው ቲፕ (የሠራተኞች ጉርሻ) ላይ የሚመጣው ልዩነት አንድ ላይ ይደመር። ከዚያ ያው ዓይነት ክፍል ዛሬ በቀጥታ ከሚሸጥበት ዋጋ ጋር ይተያይ። እዚህ ላይ አራት መንገዶችን ጎን ለጎን አያለሁ፤ ክፍሉን ቀድሞ መርጦ መያዝ፣ «ጋራንቲ» የሚባለው፣ ጨረታውና ቁርጥ ዋጋ ያለው የአፕግሬድ ጥሪ።

ዋጋው ለምን ይወጣል፣ ይወርዳል?

ባዶ ክፍል ለድርጅቱ ምንም አያስገባም። ሰው ያለበት ክፍል ግን ከትኬቱ ሌላ መጠጥ ይገዛል፣ ዋይፋይ ይገዛል፣ ወደብ ላይ ጉብኝት ይይዛል፣ ካዚኖ ይገባል። ስለዚህ መርከቧን ለመሙላት ዋጋው በየጊዜው ይቀያየራል። ሙላቱ የሚለካው ደግሞ በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ተብሎ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው አልጋ ላይ ልጆች ሲተኙ ቁጥሩ ከ100 በመቶ ያልፋል። ትልልቆቹ ድርጅቶች በደህና ጊዜ ከ100 በመቶ በላይ ሞልተው ነው የሚጓዙት። «መጨረሻ ላይ ክፍል ይተርፋል፣ ያኔ በነጻ ይሰጡናል» ብሎ መጠበቅ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ሌላው ምክንያት መርከቧ ራሷ ናት። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ለምንኖር ሐበሾች የሚቀርበን ወደብ ባልቲሞር ነው። መኪና ነድቶ መድረስ ይቻላል፤ የአውሮፕላን ወጪ የለም። ነገር ግን ከባልቲሞር የሚወጣ መርከብ ሁሉ በቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ሥር ማለፍ አለበት። ከድልድዩ በታች ያለው ክፍተት ወደ 57 ሜትር ነው። እንደ አይከን ኦቭ ዘ ሲስ ያለ በጥር 2024 ከማያሚ ሥራ የጀመረ፣ 2,805 ክፍሎች ያሉት ግዙፍ መርከብ እዚያ ሊመጣ አይችልም። ባልቲሞር የሚመጡት አነስ ያሉና ቆየት ያሉ መርከቦች ናቸው።

ይህ ለክፍል ዋጋ ትልቅ ትርጉም አለው። ከባልቲሞር ስትነሳ የቆየችው የሮያል ካሪቢያን ድርጅት መርከብ ቪዥን ኦቭ ዘ ሲስ በ1998 የተሠራች ናት። ወደ አንድ ሺህ ክፍሎች አሏት፤ በረንዳ ያላቸው ግን ጥቂት ናቸው። ጥቂት ስለሆኑ ቀድመው ይያዛሉ፣ ዋጋቸውም ከሌላው ይርቃል። በጨረታ የማግኘት ዕድሉም ጠባብ ነው። በዚያው ወደብ የምትታወቀው የካርኒቫል ፕራይድ ግን አብዛኞቹ ክፍሎቿ ባለ በረንዳ ናቸው። እዚያ በበረንዳና መስኮት በሌለው የውስጥ ክፍል መካከል ያለው ልዩነት የመጥበብ ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ ጨረታ ከማሰባችሁ በፊት የመርከቧን የክፍሎች ካርታ ክፈቱ። የምትመኙት ዓይነት ክፍል በቁጥር ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ጥቂት ከሆነ ጨረታን አትጠብቁ፤ ከመጀመሪያው ያዙት።

ቀድሞ መርጦ መያዝ ከ«ጋራንቲ» ጋር

ቀድማችሁ ስትይዙ የክፍሉን ቁጥር ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ባሕር የሚያቅለሸልሸው ሰው በመርከቧ መሃል፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ይሻለዋል፤ መናወጡ እዚያ ይቀንሳል። ከመዋኛው ወለል ሥር ያለ ክፍል ጠዋት ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ከቲያትሩ ወይም ከጭፈራ ቤቱ አጠገብ ያለው ደግሞ ሌሊት ያስቸግራል። እንቅልፋቸው ቀላል ለሆነ እናትና አባት ይዞ ለሚሄድ ሰው፣ ይህ ምርጫ ከበረንዳም በላይ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ።

«ጋራንቲ» ሌላ ነው። የክፍሉን ዓይነት ትከፍላላችሁ፣ ቁጥሩን ድርጅቱ ይመርጣል። ከከፈላችሁበት ዓይነት በታች አይሰጣችሁም። አንዳንዴ ከፍ ያለ ሊደርሳችሁ ይችላል፤ እሱን ግን ተስፋ አታድርጉ። ኖርዌጂያን የሚባለው የክሩዝ ድርጅት ተመሳሳዩን «ሴይል አዌይ» ይለዋል። የሱ ዋጋ ዝቅ ያለው ከመደበኛው ትኬት ጋር የሚመጡትን የመጠጥና የዋይፋይ ጥቅሞች ስለማያካትት ጭምር ነው። መጠጥ የማይጠጣ ሰው ምንም አይጎድልበትም። ጥቅሎቹን በኋላ ለየብቻ የሚገዛ ሰው ግን ቅናሹን መልሶ ይከፍለዋል።

ክፍልን ቀድሞ መያዝ ብዙ ሰው የማያወራለት አንድ ጥቅም አለው። የመጨረሻው ክፍያ ከመድረሱ በፊት ዋጋው ከወረደ፣ ብዙዎቹ ድርጅቶች በአዲሱ ዋጋ ያስተካክሉላችኋል። ወይም ልዩነቷን ጨምራችሁ ወደተሻለ ክፍል ትዛወራላችሁ፤ ጨረታ የለ፣ ልመና የለ። አሜሪካ ውስጥ ሮያል ካሪቢያን 5 ሌሊትና ከዚያ በላይ ለሆነ ጉዞ ቀሪውን ክፍያ 90 ቀን ቀደም ብሎ ይጠይቃል። ኖርዌጂያን 120 ቀን ቀደም ብሎ ነው። እነዚያን ቀኖች ስልካችሁ ላይ መዝግቧቸው፤ ከዚያ በፊት በየሳምንቱ ዋጋውን እዩ። ይህ ቅናሽ በኢሜይል አይመጣም። ራስ ደውሎ የሚጠይቀው ነው። በትራቭል ኤጀንት የገዛችሁ ከሆነ ደግሞ ድርጅቱ በቀጥታ አያስተናግዳችሁም፤ ማስተካከያውን የሚያስደርገው ኤጀንቱ ነው። ስለዚህ ኤጀንት ስትመርጡ «ዋጋ ሲወርድ ትከታተልልኛለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አዲሱን ዋጋ ስትወስዱ የድሮው ቅናሽ፣ ለምሳሌ መርከብ ላይ የሚወጣ ክሬዲት፣ እንዳይሰረዝባችሁ አረጋግጡ።

ጨረታው እንዴት ይሠራል?

ሮያል ካሪቢያን «ሮያልአፕ»፣ ሴሌብሪቲ «ሙቭአፕ»፣ ኖርዌጂያን «አፕግሬድ አድቫንቴጅ» ይሉታል። አካሄዳቸው ይመሳሰላል። ለተለያዩ ዓይነት ክፍሎች የምትከፍሉትን ታቀርባላችሁ። ገጹ ላይ ያቀረባችሁት ዋጋ ደካማ ነው ወይስ ጠንካራ የሚል ምልክት ይታያል። ያ ምልክት የድርጅቱ ነው፤ ዋጋ እንድትጨምሩ የሚገፋፋ መሆኑን አትርሱ።

ዋናው ማጥመጃ እዚህ አለ። የሚጻፈው ዋጋ በነፍስ ወከፍ ነው፣ በሌሊት ሳይሆን ለጠቅላላው ጉዞ። 150 ብላችሁ የሞላችሁት 300 ሆኖ ከካርዳችሁ ይወጣል። ብቻውን የሚጓዝ ሰውም የሁለት ሰው ይከፍላል። በሌላ በኩል ሮያልአፕ ላይ ሦስተኛና አራተኛ ሰው ተጨማሪ አይከፈልባቸውም። ልጆች ይዛችሁ በአንድ ክፍል የምትሄዱ ከሆነ ጨረታው ለእናንተ የተሻለ ሒሳብ አለው።

ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስ ያቀረባችሁትን መቀየር ወይም መሰረዝ ትችላላችሁ። ከተቀበሉት በኋላ ግን ካርዱ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም አይመለስም። መልሱ መርከቧ ልትነሳ ሁለት ቀን እስኪቀራት ድረስ ሊዘገይ ይችላል። የክፍሉን ቁጥር አትመርጡም። መሃል ላይ ጸጥ ያለ የውስጥ ክፍል ይዛችሁ፣ ከመዋኛው ሥር ያለ ባለ በረንዳ ሊደርሳችሁ ይችላል። ለድርጅቱ ይህ «ማሻሻያ» ነው።

የክፍሉን ሙሉ ስም ማንበብም ግድ ነው። ኦአሲስ ኦቭ ዘ ሲስ በ2009 ከወጣች ጀምሮ በዚያ ዓይነት መርከቦች ላይ ባሕር የማያሳዩ በረንዳዎች አሉ። አንዳንዶቹ መርከቧ መሃል ያለውን የአትክልት ስፍራ፣ ሌሎቹ የመዝናኛ አደባባዩን ነው የሚያዩት። ደስ የሚላቸው ሰዎች አሉ። ማዕበል እያዩ ቡና ለመጠጣት ያሰበ ሰው ግን ያዝናል። «እይታው የተከለለ» የሚል ቃል ያለበት ክፍል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከፊት ለፊቱ የሕይወት አድን ጀልባ የተሰቀለበት ነው። ቅናሹ ትልቅ ከሆነ እኔ አልጠላውም፤ የቀን ብርሃን ይገባል።

ሒሳቡን እንሥራው

ለምሳሌ ያህል ሁለት ሰው፣ 7 ሌሊት እንበል። የውስጥ ክፍል በነፍስ ወከፍ 750 ዶላር፣ ባለ በረንዳው 1,050 ዶላር ነበር። ልዩነቱ ለሁለት ሰው 600 ዶላር ነው። የውስጡን ያዛችሁ። በኋላ ጨረታ መጣና 200 ዶላር አቀረባችሁ፤ ለሁለት 400 ማለት ነው። ጠቅላላው 1,900 ሆነ። መጀመሪያ በረንዳውን ብትይዙ 2,100 ነበር። 200 ዶላር አተረፋችሁ፣ በምትኩ የክፍል ምርጫችሁን ሰጣችሁ። ለብዙ ሰው ይህ ጥሩ ግዢ ነው።

አሁን ሌላውን እዩ። ባለ በረንዳው ዋጋ በመሃል ወርዶ 900 ዶላር ደርሶ ቢሆንስ? የመጨረሻው ክፍያ ሳይደርስ ደውላችሁ ብትቀይሩ 300 ብቻ ጨምራችሁ፣ ቁጥሩንም መርጣችሁ ትገቡ ነበር። በጨረታ 400 የከፈለው ሰው በውድ ዋጋ ባልመረጠው ክፍል ገባ። ያው መርከብ፣ ያው ቀን።

ወደ ስዊት (ውድና ሰፊ ክፍል) ስትወጡ ቲፑም ይጨምራል። ሮያል ካሪቢያን በ2025 ለተራ ክፍል በሰው በቀን 18.50 ዶላር፣ ለስዊት 21 ዶላር ያስከፍል ነበር። ለሁለት ሰው በ7 ቀን 35 ዶላር ልዩነት ነው። ብዙ አይደለም፣ ግን ይደመር። የታማኝነት ነጥብ ለምትሰበስቡ ደግሞ፣ ሮያልአፕ ላይ ነጥቡ የሚታሰበው መጀመሪያ በገዛችሁት ክፍል ነው። ስዊት ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። የኖርዌጂያን «ሄቨን» የሚባለው የስዊቶች ክፍል በአብዛኞቹ መርከቦች ላይ የራሱ መመገቢያና የራሱ መዋኛ አለው፤ ድርጅቶቹ «ጁኒየር ስዊት» የሚሉት ግን በዋናነት ሰፋ ያለ ክፍል ነው። ለሁለተኛው እንደ መጀመሪያው መክፈል አይገባም።

ቁርጥ ዋጋ ያለው ጥሪ

አንዳንዴ ጨረታ ሳይሆን «ይህን ያህል ጨምሩና በረንዳ ውሰዱ» የሚል ኢሜይል ወይም ስልክ ይመጣል። እኔ ከጨረታው ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ዋጋው የታወቀ ነው። ደውላችሁ የትኛው ፎቅ፣ የትኛው ቁጥር እንደሆነ መጠየቅ ትችላላችሁ። መልሱን ያኔውኑ ታውቃላችሁ፤ እስከ መጨረሻው ሁለት ቀን አትሰቀሉም። «በሰው ነው ወይስ በክፍል?» የሚለውን ግን መጀመሪያ ጠይቁ።

ለማን የቱ?

ወደ አላስካ የሚሄድ ሰው በረንዳውን ከመጀመሪያው ይያዝ። የበረዶው ግግር በየትኛው ሰዓት እንደሚታይ አይታወቅም፤ እዚያ በረንዳ ለጉዞው ዋና ነገር ነው። በየቀኑ አዲስ ወደብ ለሚቆም የካሪቢያን ጉዞ ግን የውስጥ ክፍል ይበቃል፤ ክፍሉ የመኝታ ብቻ ነው። በጥር ከባልቲሞር ለሚነሳ ሰው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን በረንዳ ላይ የሚያስቀምጥ አየር የለውም፤ ያንን ከዋጋው ቀንሱ። ብቻውን የሚጓዝ ደግሞ ኖርዌጂያን በ2010 ኤፒክ በተባለችው መርከብ ላይ የጀመራቸውን የአንድ ሰው ክፍሎች መጀመሪያ ይይ።

ቤተሰብና ጓደኛ ሰብስባችሁ ሁለት ሦስት ክፍል አጠገብ ለአጠገብ ከያዛችሁ፣ ጨረታውን ተዉት። ለእያንዳንዱ ክፍል የሚወሰነው ለየብቻ ነው። አያት አራተኛ ፎቅ፣ የልጅ ልጆች ዘጠነኛ ፎቅ ሊሆኑ ይችላሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ይዛችሁ የምትጓዙ ደግሞ መርከቧ ለምትቆምባቸው አገሮች ቪዛ ያስፈልግ እንደሆነ ከጨረታው በፊት አጣሩ። የተቀበሉት አፕግሬድ ገንዘቡ አይመለስምና።

ዋጋ አቅርባችሁ ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ዛሬውኑ ሰርዙት፤ ረስታችሁት ካርዱ ሊቆረጥ ይችላል። ከተሳካላችሁ ደግሞ የክፍሉ ቁጥር ስለሚቀየር የመሳፈሪያ ወረቀቱንና የሻንጣ መለያውን እንደገና አትሙ፤ አለዚያ ሻንጣው ወደ ድሮው ክፍል ይሄዳል።