ጥላሸትን በደጋ ከተማ መለካት፦ የኤኢ33 ኤታሎሜትር ግምገማ

የማጊ ሳይንቲፊክ ሥሪት የሆነው ኤኢ33 ኤታሎሜትር በአየር ውስጥ የሚንሳፈፈውን ጥላሸት በየደቂቃው፣ ከተፈለገም በየሰከንዱ እየለካ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። እዚህ የምገመግመው ለየትኛውም ቦታ ያለውን ብቃት ሳይሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ለተቀመጠችው፣ የማገዶ ጭስና የናፍጣ ጭስ ተቀላቅሎ ለሚተነፈስባት አዲስ አበባ ያለውን ተስማሚነት ነው። ፍርዴን ላስቀድም፦ የጥላሸት መጠን ከሰዓት ሰዓት እንዴት እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ ለመከታተል መሣሪያው እጅግ ጥሩ ነው፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው የማይክሮግራም ቁጥር ግን በቀጥታ የተመዘነ ሳይሆን በስሌት የተገኘ መሆኑን የሚረዳ ባለሙያ ለሌለው ተቋም ገንዘቡን ሌላ ነገር ላይ ቢያውለው ይሻለዋል።

የአሠራሩ መሠረት አንቶኒ ሃንሰንና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያው ሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ካስተዋወቁት ኤታሎሜትር ብዙ አልራቀም። ፓምፑ አየር እየሳበ በማጣሪያ ጥቅል ውስጥ ያሳልፋል፤ ቅንጣቶቹም በአንድ ነጥብ ላይ ይከማቻሉ። ከላይ ከ370 እስከ 950 ናኖሜትር ባሉ ሰባት የሞገድ ርዝመቶች (ማለትም የብርሃን ቀለሞች) ብርሃን ይበራበታል፤ ከሥር ያለው ዳሳሽም ያለፈውን ብርሃን ንጹሕ ከሆነው የማጣሪያው ክፍል ጋር ያነጻጽራል። ነጥቡ የሚጠቁርበት ፍጥነት ቅንጣቶቹ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥጡ ይናገራል። ከሰባቱ ለጥቁር ካርቦን (ብርሃን ለሚመጥጠው የጥላሸት ክፍል) የሚመረጠው 880 ናኖሜትር ነው፤ ምክንያቱም በዚህ የሞገድ ርዝመት ከጥላሸት በቀር ብዙ ብርሃን የሚመጥ ቅንጣት የለም።

ችግሩ የሚጀምረው ከማጣሪያው ነው። ብርሃን በማጣሪያው ክሮች መካከል ወዲያና ወዲህ እየተበተነ ስለሚመላለስ አንዱን ቅንጣት ደጋግሞ ያገኘዋል፤ በዚህም የተነሳ ጥላሸቱ አየር ላይ ሳለ ሊመጥ ከሚችለው በላይ የመጠጠ ይመስላል። መሣሪያው ይህን ለማረም ኤም8060 በተባለው የማጣሪያ ጥቅል ላይ 1.39 በሆነ ቋሚ ቁጥር ያካፍላል፤ ከዚያም አንድ ግራም ጥቁር ካርቦን በ7.77 ካሬ ሜትር ስፋት ላይ የሚያርፈውን ያህል ብርሃን ይመጥጣል በሚል ግምት ወደ ክብደት ይለውጠዋል። ሁለቱም ቁጥሮች ከአካባቢው አየር የተለኩ ሳይሆኑ ከፋብሪካ የመጡ ናቸው። የአውሮፓ የአየር ቅንጣት ምልከታ ትስስር የሆነው አክትሪስ ከዚህ መሣሪያ የሚገኘው የብርሃን መምጠጥ ውጤት እንደገና በ1.76 እንዲካፈል መምከሩ፣ የ1.39 ቁጥር ምን ያህል አከራካሪ እንደሆነ ያሳያል። ልዩነቱ ጥቂት አይደለም፤ ሪፖርት ላይ ሲወጣ የአንድን ከተማ ገጽታ ይለውጣል።

ኤኢ33 ከቀደሙት ሞዴሎች በእውነት የሚበልጠው ግን በሁለተኛው የማጣሪያ ችግር ላይ ነው። ነጥቡ እየጠቆረ ሲሄድ አዲስ የሚያርፈው ጥላሸት በቀድሞው ጥላ ሥር ስለሚወድቅ ንባቡ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል፤ ማጣሪያው ሲቀየርም በድንገት ይዘላል። የቀድሞውን ኤኢ31 መረጃ በግራፍ ያየ ሰው ያንን የመጋዝ ጥርስ የመሰለ መስመር ያስታውሰዋል። አዲሱ መሣሪያ ከአንድ አየር ሁለት ነጥቦችን በተለያየ የፍሰት መጠን እየሞላ፣ አንዱ ቶሎ ሌላው ዘግይቶ ሲጠቁር በመካከላቸው ካለው ልዩነት የማረሚያውን መጠን ራሱ ያሰላል። ይህም መጠን በመረጃ ፋይሉ ላይ ለሰባቱም የሞገድ ርዝመቶች ተመዝግቦ ይገኛል። የዳሳሾቹ ጥሬ ንባብም አብሮ ስለሚቀመጥ፣ ነገ የተሻለ ቋሚ ቁጥር ቢገኝ ያለፈውን ዓመት መረጃ እንደገና ማስላት ይቻላል። እኔ ለመሣሪያው ከፍተኛ ነጥብ የምሰጠው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው።

ደጋ ላይ የሚተክል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማየት ያለበት የፍሰት ሪፖርት ማስተካከያውን ነው። መሣሪያው የአየሩን መጠን በአካባቢው ግፊትና ሙቀት ወይም በባሕር ወለል ግፊት በተሰላ መደበኛ ሁኔታ እንዲያቀርብ ማዘዝ ይቻላል። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ሰው በእርግጥ በሚተነፍሰው አንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 10 ማይክሮግራም ጥላሸት ቢኖር በመደበኛው ሁኔታ የተሰላው ንባብ ወደ 13 ይጠጋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን የትኛው እንደተመረጠ ሳይጻፍ የአዲስ አበባን ቁጥር ከጅቡቲ ቁጥር ጋር ማወዳደር ፋይዳ የለውም።

መሣሪያው የጥላሸቱን ምንጭ ለይቶ የማገዶውን ድርሻ በመቶኛ ማሳየቱ ብዙ ገዢዎችን ይስባል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የናፍጣ ጥላሸት በሁሉም ቀለም ላይ ተቀራራቢ ባሕርይ ሲያሳይ፣ የእንጨት ጭስ ግን በ370 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን አብልጦ ይመጥጣል። መስከረም 16 ማታ ደመራ ሲለኮስ የ370 እና የ880 ናኖሜትር መስመሮች በግራፉ ላይ ሲራራቁ ማየት ይህን በሚገባ ያስረዳል። ይሁን እንጂ በበጋ ከመንገድ ግንባታ የሚነሳው አቧራም በዚያው አጭር የሞገድ ርዝመት ብርሃን ይመጥጣልና መሣሪያው አቧራውን ማገዶ ብሎ ሊቆጥረው ይችላል። በተጨማሪም ለናፍጣና ለእንጨት የተሰጡት መነሻ እሴቶች የአውሮፓን ክረምት መሠረት ያደረጉ እንጂ የባሕር ዛፍ ቅጠል ለሚነድበት የእንጀራ ምጣድ የተፈተኑ አይደሉም። ትልልቁን አቧራ የሚያስቀር የአየር ማስገቢያ ማድረግ ይረዳል፤ መቶኛውን ግን በጋዜጣ አርዕስት ላይ ባናወጣው እመርጣለሁ።

በክረምት የክፍሉ እርጥበት በድንገት ሲለዋወጥ ማጣሪያው ውኃ ስለሚስብና ስለሚለቅ በደቂቃ ንባብ ላይ ከዜሮ በታች የሆኑ ቁጥሮች ብቅ ይላሉ። እነሱን ብቻ ነጥሎ መሰረዝ አማካዩን ከፍ ያደርገዋል፤ ሳይነኩ የሰዓት አማካይ መውሰድ ይበጃል። መብራት ሲጠፋና ሲመጣም መሣሪያው ተነሥቶ አዲስ ነጥብ መጀመር ስላለበት መረጃም ማጣሪያም ይባክናል፤ ስለዚህ ጥሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ከግዢው ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት።

ማጣሪያው የሚቀየረው በ370 ናኖሜትር ላይ ያለው የብርሃን መቀነስ ወሰኑን ሲነካ በመሆኑ፣ በሚኒባስ መናኸሪያ አጠገብ የተተከለ መሣሪያ ጥቅሉን ኮረብታ ላይ ካለው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይጨርሳል፤ በጀት ሲያዝ ይህ ይታሰብበት። የንጹሕ አየር ፍተሻ፣ የፍሰት ማረጋገጫና አየር የሚያመልጥበት ቀዳዳ መኖሩን የሚያሳይ ፍተሻ ከምናሌው በቀላሉ ይከናወናሉ። የብርሃን መምጠጥን በአንድ ቀለም ብቻ፣ ግን የሚመለሰውን ብርሃን ጭምር እየለካ በተሻለ እርግጠኝነት ማወቅ የሚፈልግ ላቦራቶሪ በ637 ናኖሜትር የሚሠራውን ማአፕ የተባለ መሣሪያ ቢያፈላልግ ይሻለዋል። ጥያቄው በማድ ቤት ውስጥ እናቶች ምን ያህል ጥላሸት ይተነፍሳሉ የሚል ከሆነ ደግሞ ኤኢ33 ሳይሆን በሰው ላይ ሊታሰር የሚችለው ትንሹ ማይክሮኤት ኤምኤ200 ነው የሚያስፈልገው።