አዋሽ ሸለቆ በድንኳን ማደር፦ ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት ለምትመጡ

ላስ ቬጋስ ለምንኖር ሰዎች በረሃ ጎረቤታችን ነው። የብርዱ ወራት ሲገቡ ሁለት ሰዓት ያህል ነድተን ዴዝ ቫሊ ወደሚባለው በረሃ እንሄዳለን፤ አር-ቪያችንን፣ ማለትም የቤት መኪናችንን፣ ፈርነስ ክሪክ የሚባለው ማደሪያ ላይ እናቆማለን። ቦታው ከባሕር ወለል 58 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው። በ1913 እ.ኤ.አ. 56.7 ዲግሪ ሴልሺየስ የተመዘገበውም እዚያ ነው። በታኅሣሥና በጥር ግን ቀኑ ለስላሳ ነው፣ ሌሊቱ ጃኬት ያስለብሳል፣ ከዋክብቱም ሰማዩን ይሞሉታል። ልጆቻችን እንዲህ እያደሩ ስላደጉ፣ እናቴን ልንጠይቅ አዲስ አበባ ስንመጣ «እዚህስ የት ነው ካምፕ የምንወጣው?» አሉን። አዋሽ ወሰድናቸው።

ያየነውን እንዳለ እጽፋለሁ። ከውጭ የሚመጣው ወገናችን ከሰርግ ሰርግ፣ ከአዲስ አበባ ሆቴል ቢሾፍቱ ሪዞርት ሲዞር ይከርማል፤ ከከተማው 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሚርቀውን ይህን ሸለቆ ሳያይ ይመለሳል። ይህ ከልቤ ይቆጨኛል።

መጀመሪያ መኪናው። አሜሪካ የለመድነውን፣ አልጋውንም ማድቤቱንም ሽንት ቤቱንም የያዘውን ትልቅ አር-ቪ እዚህ አትፈልጉ። ቢገኝም ሸለቆው ውስጥ ወዳለው ፍልውሃ የሚወስደው ድንጋያማ መንገድ አያሳልፈውም። የሚከራየው ጣራው ላይ ድንኳን የተገጠመለት ላንድክሩዘር ነው፤ ለመንገዱም የሚስማማው እሱ ነው። አብዛኛው ሰው ከነሾፌሩ ይከራያል፤ እኛም እንደዚያው አደረግን፣ ደግሞም አልተቆጨንበትም። ለእናቴና ለምግብ ማብሰያው ተጨማሪ ተራ ድንኳን ጫንን።

አከራዩ ቅር አሰኝቶናል። ፎቶው ላይ ያሳየን ዕቃና የመጣልን ዕቃ አንድ አልነበረም። የመኪናው ፍሪጅ የሚሠራበት ሁለተኛ ባትሪ ደክሞ ስለነበር ሞተሩ በጠፋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሥጋው መሞቅ ጀመረ። የድንኳኑ የወባ መረብም አንድ ጎኑ ተቀዶ ነበር። ስንደውል መልሳቸው ትሕትና ያልጎደለው ነበር፤ ከተመለስን በኋላም ከሒሳቡ ላይ ቀንሰውልናል። ቢሆንም እንዲህ ያለ ዕቃ ከግቢ ሳይወጣ መታየት ነበረበት። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ድንኳኑን አስዘርግታችሁ እዩ፤ ፍሪጁ ሞተር ጠፍቶ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠይቁ፤ ሁለት ስኮርታና የሚሠራ ክሪክ መኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ናፍጣው፣ የሾፌሩ አበልና ማደሪያው በማን ሒሳብ እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። «እንነጋገራለን» የሚባል ነገር ካለ እዚያው ተነጋገሩት።

ሾፌራችን ግን የጉዞው ምሰሶ ነበር። ባለ ብዙ ዓመት የመንገድ ሰው ነው፤ እናቴን «እማማ» እያለ ከፊት ወንበር አስቀምጦ እስከ መተሐራ ሲያጫውታት ሄደ። ባትሪው ሲያስቸግር ቀን ቀን መኪናው በሚንቀሳቀስበት ሰዓት ፍሪጁን እያቀዘቀዘ፣ ማታ በብርድ ልብስ እየጠቀለለ አተረፈልን። መረቡን በመርፌና ክር ሰፋው። ማንም አላዘዘውም። እንዲህ ያለውን ሰው አበሉን በሰዓቱ መስጠት፣ ሲመሽም ምቹ ማደሪያ ማዘጋጀት የተከራዩም የአከራዩም ግዴታ ነው። ሾፌር መኪና ውስጥ ወንበር አጋድሞ እንዲያድር የሚጠብቁ ሰዎች እንዳሉ ስሰማ አዝናለሁ።

መንገዱ እስከ አዳማ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ በፈጣኑ መንገድ ነው። ከዚያ በወለንጪቲ አድርጎ የሚሄደው ግን ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ የጭነት መኪኖች የሚርመሰመሱበት ስለሆነ ሌሊት አትንዱ። መተሐራ ስትደርሱ የበሰቃን ሐይቅ ታያላችሁ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የነበረው ይህ ጨዋማ ውሃ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሸፍኗል፤ መንገዱንም የባቡሩንም መስመር ሲያስቸግር ኖሯል። ግራና ቀኝ የተበተነው ጥቁር ድንጋይ ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ልጆቼ እዚያ ወርደው ለረጅም ጊዜ ድንጋይ ሲያገላብጡ ቆዩ፤ እኛም በዚህ መሃል ውሃ፣ ከሰል፣ ሽንኩርት፣ ሎሚና በረዶ ከመተሐራ ገዛን። ውሃ ከምታስቡት እጥፍ ግዙ።

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ ከ750 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መግቢያው ላይ ክፍያው ለአገሬውና ለውጭ ዜጋ ስለሚለያይ ቢጫ ካርዳችሁን፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን፣ ቦርሳ ውስጥ ያዙ። ካምፕ ለሚያድር ሰው መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብለታል፤ ይህን እንደ ተጨማሪ ወጪ የሚያዩ አሉ፣ እኔ ግን ከከፈልኩት ሁሉ የተሻለው እሱ ነው እላለሁ። የእኛ ስካውት የአካባቢው አርብቶ አደር የከረዩ ልጅ ነው። ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ እኛ ደረቅ ሣር ብቻ ያየንበት ቦታ ላይ እሱ ሳላ ቆሞ ያሳየናል። ቀንዱ ቀጥ ብሎ የረዘመው ይህ እንስሳ ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ቀን እንደሚቆይ፣ ጠዋት ጠል ያረፈበትን ሣር እንደሚሻ ለልጆቼ ረጋ ብሎ አስረዳቸው። እነሱ የሚያውቁት የአሜሪካ ሬንጀር ባርኔጣ አጥልቆ ስለ ድንጋይ ዕድሜ የሚያስተምር ነው፤ ይህኛው ግን ከብት ጠብቆ ያደገበትን መሬት ነው የሚያሳየው። ራት ከእኛ ጋር በላ፤ ሌሊቱን እሳቱ ዳር ተቀምጦ አደረ። ስካውቱ የራሱን ስንቅ ይዞ ይመጣል ብላችሁ አትቁጠሩ፤ ምግቡንና ውሃውን ከራሳችሁ ጋር አስቡለት፣ የእጁን ስጡት፣ ለዚህም ጥሬ ብር ያዙ። ቴሌብር ከተማው ውስጥ ይሠራል፤ ሜዳው ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ምንም አይጠቅምም።

የማደሪያው ቦታ በአዋሽ ወንዝ ዳር፣ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ፈርነስ ክሪክ ላይ ኤሌክትሪክ፣ ውሃና የፍሳሽ መስመር የተዘረጋላቸው 18 ማቆሚያዎች አሉ፤ እዚህ የምታገኙት መሬቱን፣ ጥላውንና ወንዙን ነው። ስለዚህ ቤታችሁን ሙሉ ለሙሉ ይዛችሁ ግቡ፦ ውሃ፣ መብራት፣ ተንቀሳቃሽ የሽንት ቤት ወንበር ከነድንኳኗ። ለእናቴ ዕድሜ ያቺ ወንበር ወሳኝ ነበረች፤ አዲስ አበባ እንጨት ሠሪ ዘንድ ነው ያሠራናት። ወንዙ ውስጥ አዞ ስላለ ልጆች ወደ ዳሩ ብቻቸውን እንዳይሄዱ። ዝንጀሮና ጦጣ ምግብ ይነጥቃሉ፤ ሁሉም ነገር መኪና ውስጥ ይቆለፍ። ሌሊት ጅብ ይጮሃል። ልጆቼ መጀመሪያ ተሸማቀቁ፤ ስካውቱ «ሩቅ ነው» ሲላቸው ተኙ።

ከሁሉ ልቤ የቀረው በፓርኩ ሰሜን በኩል ያለው ፍልውሃ ነው። ከዋናው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ይላል፤ መንገዱ ወገብ ይቆርጣል፣ ለአረጋውያን በየመሃሉ ማረፍ ያስፈልጋል። ከዚያ ግን በዚያ ሁሉ ደረቅ ምድር መሃል የዘንባባ ጫካ ብቅ ይላል፤ ሥሩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ኩሬ አለ። የውሃው ሙቀት በአንዳንዱ ምንጭ እስከ 45 ዲግሪ ስለሚደርስ ዝም ብሎ አይገባበትም፤ ስካውቱ የሚቻለውን ኩሬ መርጦ አሳየን። የአካባቢው አርብቶ አደሮችም ይታጠቡበታል፣ ከብትም በአቅራቢያው ያጠጣሉ። እነሱ ባሉበት ሰዓት ዳር ሆነን ጠበቅን፣ ተራችን ሲደርስ ገባን፤ ውሃው ከጎብኚው በፊት የእነሱ ነው፣ ፎቶም ሳይጠየቅ አይነሣም። እናቴ ጉልበቷን የሚያማት ሰው ናት። እግሯን ነክራ ተቀምጣ «ይህን ይዛችሁ ነው አሜሪካ በረሃ የምትሄዱት?» አለችኝ። ምን ብዬ እመልስላታለሁ? አንድ ሙሉ ከሰዓት እዚያው ዋልን፤ ሻምፑና ሳሙና ግን ኩሬው አጠገብ አላስጠጋንም።

የአዋሽ ፏፏቴ ጫፍ ላይ ያለው ሎጅ ደግሞ ጥሩ እረፍት ነው። ቁርስ በላን፣ ቡና ጠጣን፣ ስልክ ቻርጅ አደረግን። ድንኳን የማይመቻቸው ዘመዶች ካሏችሁ እነሱን እዚያ አሳድራችሁ እናንተ ወንዝ ዳር ማደር ትችላላችሁ።

ሁለት ጥንቃቄዎች። አካባቢው ወባ አለበት፤ መድኃኒቱን ከምትኖሩበት አገር ሐኪም አሳዝዛችሁ ጀምሩት፣ ሲመሽ እጅና እግር ሸፍኑ። ሁለተኛው፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት በፈንታሌ ዙሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደጋገም ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱንም የመሬቱንም የጸጥታውንም ወሬ ከፓርኩና ከሾፌራችሁ ጠይቁ፤ «ዛሬ ይቅር» ካሏችሁ ይቅር። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ምቹ ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ስለሚጠጋ ልጅና አዛውንት ይዛችሁ አትሂዱ።

ለአከራዮች አንድ ቃል አለኝ። ገበያው አለ፤ እኛን የመሰለ ቤተሰብ ከአትላንታም ከዋሽንግተንም ይመጣል፣ ልጆቹን አገሩን በእግር ሊያስረግጥ ይፈልጋል። የሚሠራ ባትሪ፣ ያልተቀደደ መረብ፣ የሽንት ቤት ወንበር፣ 100 ሊትር ውሃ የሚይዝ ጋን ከጥቅሉ ጋር ቢቀርብ ተጨማሪ እንከፍላለን። የምንከፍለውም በደስታ ነው። በሚቀጥለው ስንመጣ ከአዋሽ አለፍ ብለን አለዴጊ ሜዳ ላይ የግሬቪን የሜዳ አህያ ፍለጋ መሄድ አስበናል፤ ያንኑ ሾፌር ካሁኑ ይዘነዋል፣ መኪናውን ግን ገና እያፈላለግን ነው።