አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፦ የተከራይ አስተያየት
አያት ላይ ባለ አንድ መኝታ የኮንዶሚኒየም ቤት በወር 13 ሺህ ብር ተከራይቼ እኖራለሁ። ከተማው ዳር ቢሆንም የምወደው ሰፈር ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ቤቱ ሳይሆን ደጁ ነው።

የሕንፃዎቹ ምድር ቤት በሙሉ ሱቅ ነው። ዳቦ ቤቱ፣ ወፍጮው፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ ሁሉም በእግር ይደረስባቸዋል። ልጄ ትምህርት ቤት የምትሄደው መኪና ሳትሳፈር ነው። ከበሩ አጠገብ ጉልት የሚቸረችሩ እናት አሉ፤ ሽንኩርቱን በመደብ በመደብ ደርድረው፣ ቃሪያውን ውሃ እያርከፈከፉ ይውላሉ። ዝርዝር ያጣሁ እንደሆነ «ነገ ታመጪዋለሽ፣ ልጄ» ብለው ይሸኙኛል። መሐል ከተማ ስሄድ ከጥቅምት 2008 ጀምሮ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚመላለሰው ባቡር አለ፤ ጠዋት ግፊያው ከባድ ስለሆነ ማልዶ መውጣት ይሻላል።

በሕንፃዎቹ መካከል ያለውን ግቢም ሳላነሣ አላልፍም። በርበሬ የሚሰጣው፣ የበዓል በግ የሚታረደው፣ የለቅሶ ድንኳን የሚተከለው እዚያው ነው። ተከራይ ነሽ ብሎ ያገለለኝ ጎረቤት የለም።

ችግሩ ውሃ ነው። በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በመጣበት ቀንም ግፊቱ እስከ እኛ ፎቅ አይደርስም። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ያፏጫል፣ ቀጥሎ ቡናማ ውሃ ይተፋል፣ ከዚያ ይጠራል። ያኔ ተነሥቼ በርሜሉን እሞላለሁ። ቤቱን ያሳየኝ ደላላ «ውሃ ሞልቷል» ሲለኝ ወርጄ የግቢውን ጥበቃ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ውሃው አራተኛ ፎቅ ይወጣል?»

«ሌሊት ይወጣል፣ ልጄ። ቀን ግን ሁለተኛ ላይ ይቀራል።»

ይህን አውቄ ስለገባሁ በርሜሉን ከዕቃው ጋር አብሬ አመጣሁ። ቤት የምትፈልጉ ሁሉ ጥበቃ ሳትጠይቁ ቀብድ አትክፈሉ።

አከራዬ መጀመሪያ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ጠይቀው ነበር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ግን ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። አዋጁን ጠቅሼ በትሕትና ተከራከርሁ፤ አጉረመረሙ፣ በመጨረሻ ግን ተስማሙ። ውሉን ወረዳ ሄደን አስመዘገብን፤ ኪራዩንም በባንክ ነው የማስገባላቸው። ተከራይ ሁሉ ይህን አዋጅ ቢያነብ ደስ ይለኛል፤ በየዓመቱ ዕቃ ተሸክሞ ከመንከራተት የሚያድነው እርሱ ነው።

ግድግዳው ስስ ስለሆነ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይሰማል፤ ይለመዳል። ሊፍት የለም። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት እኔ ጋ መጥታ ለማደር ታመነታለች፤ ይህ ከውሃው ይልቅ ይከነክነኛል። ውሉ ሲያልቅ ከዚህ ሰፈር የመውጣት ሐሳብ የለኝም፤ ነገር ግን አንደኛ ወይም ሁለተኛ ፎቅ ከተለቀቀ ሁለት ሺህ ብር ጨምሬም ቢሆን እወስደዋለሁ።